ሞተሩ ወደ ኋላ፣ ምኞቱ ወደ ፊት

የመኪና አፍቃሪን ከሌላው ሰው የሚለየው መኪና ያለው መሆኑ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሟገትለት መኪና የለውም፤ ዋጋውን ሲሰማም ሊኖረው እንደማይችል ቶሎ ይገባዋል። የሚለየው ገና ከፋብሪካ ያልወጣ መኪና ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚኖረው ከመሐንዲሶቹ ቀድሞ በማወቁ ነው። መሐንዲሱ ገና እየለካ ሳለ እሱ ጨርሷል፤ ለክቶ፣ ደምሮ፣ ከፌራሪ ጋር አስተያይቶ፣ ለማንኛውም ብሎ ትንሽ ጨምሮበት ቁጭ ብሏል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትልቁ በዓል ደግሞ ሞተሩ መሐል ላይ የሆነ አዲስ የስፖርት መኪና ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ይጀምራል። በዚህ ረገድ የአሜሪካኑን ኮርቬት ያህል የተጠበቀ መኪና ያለ አይመስለኝም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ተግሣጽ ነው፤ ለኮርቬት አፍቃሪ ግን ከ1960 እስከ 2019 ድረስ ከነቤተሰቡ የኖረበት ሰፈር ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ መኪናውም የፈረንጅ ነው።)

ኮርቬት በ1953 ሲወለድ ሞተሩ እንደ ብዙው መኪና ኮፈኑ ሥር፣ ከነጂው እግር ፊት ለፊት ነበር። በዚያው ዓመት የኮርቬት ሠሪ ጄኔራል ሞተርስ የቀጠረው ዞራ አርከስ-ደንቶቭ፣ ብራስልስ ውስጥ ከሩስያውያን ወላጆች የተወለደ መሐንዲስ፣ ሞተሩን ከነጂው ጀርባ ካላስቀመጥን ሞቼ እገኛለሁ ያለ ሰው ነው። በ1960 አንድ የሙከራ መኪና ሠራ፤ ሰርቭ አንድ ተባለ፤ ሞተሩ ከኋላ። በ1964 ሰርቭ ሁለትን አመጣ፤ ያኛው ደግሞ አራቱንም ጎማ ያሽከረክራል። በ1970 ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ታየ። በ1973 ፒስተን የሚባል ነገር የሌለው፣ ባለ አራት ሮተር ቫንክል ሞተር የተሸከመ ሌላ ታየ። በ1986 ኮርቬት ኢንዲ፣ በ1990 ሰርቭ ሦስት መጡ። ሁሉም ታዩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተሸፍነው ተቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹሞች ምክንያት ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፤ ሞተሩ ከፊት የሆነው ኮርቬት እየተሸጠ ነው፣ ታዲያ የሚሸጥ ነገር ለምን ይነካል? ደንቶቭ በ1975 ጡረታ ወጣ፣ በ1996 ሞተ፤ አመዱም ኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የኮርቬት ሙዚየም ተቀመጠ። በየካቲት 2014 የዚሁ ሙዚየም ወለል በሌሊት ተደርምሶ ስምንት ኮርቬቶችን ዋጠ። የመሬቱ ሥር ዋሻ ስለነበረ ነው ተባለ። እሺ። ግን ስምንቱም ሞተራቸው ከፊት የነበረ መሆኑን ሳስብ ሽማግሌው ትዕግሥቱ አልቆበት ይሆን እላለሁ።

ሞተር ከቦታው ተነሣ ብሎ ይህን ያህል መንሰፍሰፍ የአዲስ አበባን ሰው ግር ቢለው አይፈረድበትም። ዶልፊንም ይሁን አባዱላ፣ የሃይስ ታክሲ ሞተር ያለው ኮፈን ሥር ሳይሆን ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ ከፊት ጎማዎቹ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። በመሐንዲሶች አመዳደብ ይህም የመሐል ሞተር ነው። ይህን ለማወቅ መጽሔት ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ጋቢና መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያዝያ ቀትር ከሥሩ የሚመጣው ሙቀት ይነግረዋል። ሾፌሩ ዘይት ልይ ወይም ውሃ ልጨምር ሲል «አንዴ ውረዱልኝ» ብሎ ወንበሩን ይገለብጣል፤ የስፖርት መኪና ባለቤት በስንት ሺህ ዶላር በመስተዋት ክዳን የሚያሳየው ነገር እዚያ ዘይቱን ላብ አድርጎ ይታያል። እርግጥ ሃይስ ሞተሩን ወደ ውስጥ ያስገባው ተሳፋሪ ለማብዛት ነው፤ ኮርቬት ግን ለመፍጠን። ነጥቡ ግን ለሁለቱም ያው ነው፤ ሞተር መኪናው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ከባዱ ዕቃ ነው፣ ከባድ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ የሌላውን ሁሉ ዕጣ ይወስናል። አፍቃሪዎቹ ስንት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ የዘነጉት ይህንን ነው ባይ ነኝ። መኪናው ሞተሩን ወደ መሐል ሊያመጣ ነው ሲባል ያነሡት ጥያቄ «የት?» ሳይሆን «ስንት?» ነበር።

እናም ስንቱ ተወራ! ሁለት ቱርቦ ይኖረዋል፣ ካምሻፍቶቹ አራት ናቸው፣ 800 ፈረስ ነው፣ የለም 1,000 ነው። ሐምሌ 18 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተስቲን በተባለች ከተማ መጋረጃው ሲገለጥ ከነጂው ጀርባ የተገኘው ግን የዱሮ ዘመድ ነው፤ 6.2 ሊትር ቪ8፣ ያለ ምንም ቱርቦ፣ ካምሻፍቱ አንድ፣ እሱም ከሲሊንደሮቹ አናት ላይ ሳይሆን ከመሐላቸው ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች እየገፋ የሚከፍት። ይህ አሠራር ኮርቬት ቪ8 ከለበሰበት ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው። ጉልበቱ 495 ፈረስ፣ እሱም ጢስ ማውጫው የስፖርቱ ሲሆን። ከሱ በፊት የነበረው መደበኛ ኮርቬት 460 ነበረው። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ተጠብቆ የመጣው ጭማሪ 35 ፈረስ ሆነ፤ አንድ መካከለኛ ሞተር ብስክሌት ከዚህ የበለጠ ያወጣል። ቅር ያለው ሰው ብዙ ነበር። አያቱ የሚነዱትን ሞተር ይዞ የፌራሪን ልብስ ለበሰ ያሉም አልጠፉ።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፤ ክሱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። መኪኖች የሚፈተኑት ከቆሙበት ተነሥተው በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር እስኪደርሱ በሚፈጅባቸው ጊዜ ነው፤ አሜሪካኖቹ 60 ማይል የሚሉት ነው። ሞተሩ ከፊት የነበረው የመጨረሻው መደበኛ ኮርቬት ይህን በ3.7 ሰከንድ ይጨርሰው ነበር። አዲሱ በ35 ፈረስ ብልጫ በ2.9 ሰከንድ ጨረሰው። የስምንት አስረኛ ሰከንድ ልዩነት ለእኔና ለእርስዎ አንዴ ማስነጠሻ አይበቃም፤ በዚህ ዓለም ግን የዘመን ልዩነት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላኛው ቁጥር ነው። ሞተራቸው ከፊት ከነበሩት ሁሉ ኃይለኛው የ2019ኙ ዜድአር1 ሲሆን፣ አየር በኃይል እየተነፋበት 755 ፈረስ ያወጣ ነበር፤ ዋጋው ከ120,000 ዶላር ገደማ ይጀምር ነበር። እሱ ያንኑ ፈተና በ2.85 ሰከንድ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ አዲሱ መኪና 260 ፈረስ ጎድሎበት፣ መነሻ ዋጋው 59,995 ዶላር ሆኖ፣ ከዚያ ጉልበተኛ ጋር በዓይን ጥቅሻ ልዩነት እኩል ደረሰ። 260 ፈረስ ማለት ለአፍቃሪ የሁለት ዓመት ክርክር ነው። ሞተሩን ወደ ነጂው ጀርባ መግፋት ያን ሁሉ ክርክር ዋጠው።

ምክንያቱ ምትሃት አይደለም። መኪና የሚሄደው ጎማው መሬቱን ጨብጦ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው፤ የጎማው ጭብጥ ደግሞ በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ሞተር የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማ ላይ ክብደት ከሌለ ጉልበቱ ጎማውን እዚያው ያሽከረክረዋል፤ ጢስ ይነሣል፣ ጩኸት ይሰማል፣ የጎማ ነጋዴ ይደሰታል፣ መኪናው ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በአሮጌው ኮርቬት ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ግማሽ በግማሽ ያህል ነበር፤ በአዲሱ ወደ 60 ከመቶው የኋላ ጎማዎች ላይ አረፈ። ሒሳቡንም በቀላሉ መሥራት ይቻላል። ጎማ የተሸከመውን ክብደት ያህል መግፋት የሚችል ነው እንበል፣ የመኪናው ክብደት ሁሉም በሚያሽከረክሩት ጎማዎች ላይ ነው እንበል፤ ያን ጊዜ 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.7 ሰከንድ ይፈጃል። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ በዚያ ጎማ ከዚህ በታች አይወርድም፤ የሚወርደው የበለጠ የሚጨብጥ ጎማ ሲገኝ ነው። አንድ ቶን ተኩል ከፍ የሚል መኪና ፍጥነቱን በዚህ ልክ ሲጨምር ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ የሚያስፈልገው 300 ፈረስ ገደማ ነው። የቀረው መንጋ በረት ውስጥ ቆሞ ሣር ይበላል።

ይህ ዕውቀት አዲስ ቢሆን ኖሮ አፍቃሪውን ባልወቀስኩት። የእሽቅድምድም ዓለም ግን በ1959 ጨርሶታል። በዚያ ዓመት ኩፐር የተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ፋብሪካ ሞተሩን ከነጂው ጀርባ አድርጎ፣ አውስትራሊያዊው ጃክ ብራባም የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት፤ ሞተሩ ከባላንጣዎቹ የሚያንስ ነበር። ኤንዞ ፌራሪ በሬ ጋሪ ይጎትታል እንጂ አይገፋም እያለ ይሟገት ነበር ይባላል፤ በሬ ጠምዶ ያየ ሰው ሊቃወመው የሚችል ነገር አይደለም። ግን በ1961 ፌራሪ ራሱ በሬውን ከጋሪው ኋላ አስሮ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ያንን ሻምፒዮና ያሸነፈ የለም። ደንቶቭም በ1960 የመጀመሪያውን የሙከራ መኪና ሲሠራ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። የኮርቬት ሕዝብ ግን ቦታውን ትቶ ቁጥሩን ያዘ፤ ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራዋን ሳያይ ስንት በሬ ታረደ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው።

የሚቃወመኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። መነሻው ላይ ጎማ ይገታዋል፣ እሺ፣ ከተነሣ በኋላስ? ከተነሣ በኋላ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚገታው ጎማ ሳይሆን አየር ነው፤ አየር ደግሞ በዋዛ አይከፈልም። በእጥፍ ፍጥነት ለመሄድ አየሩን ብቻ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው። እዚህ ፈረስ ይቆጠራል፤ የግድ ነው። መደበኛው አዲሱ ኮርቬት በሰዓት 312 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። በ2024 የመጣው አዲሱ ዜድአር1 በ5.5 ሊትር ሞተርና በሁለት ቱርቦ 1,064 ፈረስ ይዞ፣ የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ማርክ ሩስ ራሱ እየነዳው ጀርመን አገር 375 ኪሎ ሜትር ገብቷል። የኩባንያ ፕሬዚዳንት የሠራውን ዕቃ እንዲህ ሲፈትን ማየት ደስ ይላል፤ ልማዱ ለሌሎችም ኩባንያዎች ቢደርስ ባልከፋ። ይሁንና ሒሳቡ ይታይ፤ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ፍጥነቱ ያደገው በአንድ አምስተኛ ነው። ያንንስ የት ይነዱታል? በአሜሪካ ከፍተኛው የፍጥነት ገደብ ያለው ቴክሳስ ውስጥ ባለ አንድ መንገድ ላይ ነው፤ 137 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ 120 ብዙም አይርቅም። ለ375ቱ አየር ማረፊያ መከራየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ የሚከብድ ነው፤ ሕልመኞቹ በመጨረሻ ልክ ሆነዋል ይላል። 1,000 ፈረስ ይመጣል ብለው ነበር፤ 1,064 መጣ። አራት ካምሻፍት ብለው ነበር፤ በ2021 የተገለጠው ዜድ06 የተባለው ኮርቬት አራት ካምሻፍት ይዞ መጣ። ይህን አልክድም። ለመሆኑ ግን የጠየቁትን ሲያገኙ ምን አገኙ? ዜድ06 670 ፈረስ አለው፤ ፈተናውን በ2.6 ሰከንድ ያልፋል። ኢሬይ የተባለው ደግሞ የፊት ጎማዎቹን በኤሌክትሪክ ሞተር እያሽከረከረ በጠቅላላው 655 ፈረስ አለው፤ እሱ 2.5 ነው። በ15 ፈረስ የሚያንሰው ቀደመ፤ አራት ጎማ ስለሚገፋ። ከዚያ 1,064 ፈረስ ያለው ዜድአር1 በሁለት ጎማ 2.3 ሆነ። ከኢሬይ ጋር ያለው ልዩነት 400 ፈረስ ከፍ ያለ ነው፣ ያተረፈው ሁለት አስረኛ ሰከንድ ነው። በዚህ ምንዛሪ ገንዘብ የሚመነዝር ባንክ ቢኖር ደንበኛው ወንበር ያነሣበት ነበር።

እንዲህም ሆኖ ዜድ06ን ከዚህ ክርክር ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ አፍቃሪውም እዚህ ላይ ያሸንፈኛል። ያ ሞተር በደቂቃ 8,600 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ክራንክ ሻፍቱ የተሠራው እንደ ፌራሪዎቹ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። የአሜሪካ ቪ8 ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ ማጉረምረም ነው፤ ይሄኛው ግን ከላይ ወጥቶ ይጮኻል። ከገበያው በፊት በእሽቅድምድም መኪናው ላይ የተሰማው ድምፅ ነበር ለብዙዎች ምሥራች የሆነው፤ ገና ምንም ሳይገለጥ በጆሮ ብቻ ለዩት። ድምፅ ጊዜን አያሳጥርም፤ እንዲያውም ድምፅ ማለት ያመለጠ ጉልበት ነው። ግን ማን ለጊዜ ብሎ መኪና ወደደ? ሰው ለመድረስ ከሆነ አውቶቡስም ያደርሰዋል። ሕልመኛው ያ ድምፅ ከጀርባዬ ይሰማ ብሎ ቢለምን ኖሮ ምኞቱ ሙሉ በሙሉ የተገባ ነበር። ያስቸገረው ድምፁን እየወደደ ፈረስ መቁጠሩ ነው፤ ፈረስ ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ለተከራካሪ ይወረወራል፤ ድምፅ ግን እንዴት ብሎ ይነገራል? ጉሮሮን አጥርቶ ማስመሰል ሊጠይቅ ነው፤ ያ ደግሞ በሰው ፊት ያሳፍራል።

ፍሪሲዮን ጠፋ የሚለውን ለቅሶ ግን ብዙ አልራራለትም። አዲሱ ኮርቬት በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም፤ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮው ራሱ ይቀይራል፣ ነጂው ከፈለገ ከመሪው ኋላ ባሉ ሁለት ማንሻዎች ያዘዋል። እውነተኛ ኮርቬት በእጅ ማርሽ ነው አሉ። እውነተኛው የመጀመሪያው ኮርቬት፣ የ1953ቱ፣ 300 ብቻ የተሠራው፣ ሁሉም ነጭ ቀለም የነበረው፣ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበር፤ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 150 ፈረስ። ባህል ይከበር ከተባለ ከሥሩ ይከበር። ባልስትራውንስ ማን አለቀሰለት? ከ1963 እስከ 2019 ድረስ ኮርቬት የኋላ ጎማዎቹን ያስቀመጠው እንደ ጭነት መኪና በባልስትራ ላይ ነበር፤ በወርድ የተኛ፣ በኋላም ከፕላስቲክና ከመስተዋት ክር የተሠራ ቢሆንም ባልስትራ ባልስትራ ነው። አዲሱ በሞላ ተክቶት ሄደ፤ ቀብሩ ላይ የተገኘ ሰው ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ቦሌ ላይ ጎማው እንዲሽከረከር የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ኢሬይም ቢሆን ግማሽ ጎኑ ብቻ ነው ኤሌክትሪክ። ይህ ግን ለአፍቃሪ እንቅፋት አይሆንም፤ ጉምሩክ የማይቀርጠው ነገር ሙግት ብቻ ነው። ሙግቱም አልበረደም። በ2025 ዜድአር1ኤክስ ሲመጣ የሁሉም ዓይን ያረፈው 1,250 ፈረስ የሚለው ላይ ነው፤ እንዴት እንደተገኘ የጠየቀ ጥቂት ነው። 1,064ቱ ከኋላ እንደነበሩ ናቸው። ጄኔራል ሞተርስ የጨመረው 186 ፈረስ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ የሚያሽከረክረውም የፊት ጎማዎቹን ነው፤ ደንቶቭ በ1964 ያስነሣው የአራት ጎማ ጉዳይ ማለት ነው። ያም ሆኖ በዚያው ፈተና 1.68 ሰከንድ የተባለው ቁጥር የተመዘገበው ለመንደርደሪያ በተዘጋጀ፣ ጎማ እንዲይዝ በሚያጣብቅ ነገር በተቀባ አስፋልት ላይ ነው። ሞተር ጨመሩ፣ ጎማ ጨመሩ፣ መጨረሻ ላይ መንገዱን ቀቡት።